ሰላምታዋን ሳትጨርስ፦ ከአዳማ እስከ መቻራ

ሰኞ፣ ከአዳማ መነሻ

ከአዳማ የተነሣሁት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። በአንድ እጄ ትንሽ ሻንጣ፣ በሌላው አራት ገጽ ወረቀት ይዣለሁ። ወረቀቱ ላይ ሁለት መቶ ያህል የዘወትር የእንግሊዝኛ ቃላትና አባባሎች በኮምፒውተር ተጽፈዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ፊት ለፊት ባዶ መስመር ተትቷል። ቺሮ እስክደርስ ያንን ባዶ መስመር በስፓኒሽ መሙላት ነበረብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንቅርት የሚያወጡ ሐኪሞች ከስፔን ለአንድ ሳምንት ቺሮ መጥተዋል። አስተርጓሚያቸው ታሞ ቀረ። የአካባቢው ነርሶች እንግሊዝኛ ያነባሉ፣ ሐኪሞቹ ግን ከእንግሊዝኛ ጋር ብዙም አይተዋወቁም። ስለዚህ ነርሱ የፈለገውን አባባል በእንግሊዝኛ ፈልጎ፣ ከፊቱ ያለውን ስፓኒሽ ለሐኪሙ እንዲያሳይ ታሰበ። ዝርዝሩን የሚሞላና ምርመራው ላይ ቆሞ የሚያስተረጉም ሰው ሲፈለግ አንዲት የድሮ ጓደኛዬ የእኔን ስም ሰጠች።

ስፓኒሽ የተማርኩት ኩባ ነው። የአሰበ ተፈሪ ልጅ ነኝ፤ የዛሬዋን ቺሮ እኛ የምናውቃት በዚህ ስም ነበር። አባቴ በሶማሊያ ጦርነት ከሞተ በኋላ፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ከብዙ መሰሎቼ ጋር ወደ ኩባ ተላክሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቼ ስመለስ ስፓኒሼን የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ አዳማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ገባሁ፣ ይኸው እስካሁን እዚያው ነኝ። ስለዚህ ስልኩ ሲደወልልኝ ደስታዬን ልደብቀው አልቻልኩም። ለሦስት ቀን ያህል ጎረቤቶቼን በዚህ ወሬ አሰልችቻቸዋለሁ።

ሚኒባሱ ስምንት መቶ ብር አስከፈለኝ፤ ቦታዬ ከሹፌሩ ጎን ነበር። ጉልበቴ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ ጀመርኩ። የመጀመሪያው መስመር «ሃው አር ዩ» ይላል። «ኮሞ ኤስታ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ» ነው። «ቢየን፣ ግራሲያስ»። ሁለቱን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዚያ ተቀመጥ፣ ተኛ፣ አፍህን ክፈት፣ ያማል ወይ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ነገ ና። አንዳንዱ ቃል እንደ ትናንት መጣልኝ፣ አንዳንዱን መስኮቱን እያየሁ ስፈልገው ቆየሁ። «ትራስ» የሚለው ጨርሶ ጠፋብኝና አዋሽ ስንደርስ ድንገት መጣ። ስቄ ጻፍኩት።

ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ ወደ ሂርና የሚሄድ የጫት ነጋዴ ነበር። በትከሻዬ ላይ አጮልቆ «እትዬ፣ ፈተና ነው እንዴ የምትሞይው?» አለኝ።

«አዎ፣ ፈተና ነው።»

«ወላሂ፣ በዚህ መንገድ ላይ የጻፍሽውን አራሚው አያነበውም!»

ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ራሴን ከአራሚዎቹ ወገን ቆጥሬ ነበር።

አዋሽ ላይ ፍርፍር በመቶ ሰባ ብር በላሁ፤ በርበሬው እንባዬን አወረደው። ሚኤሶ ስንደርስ ሙቀቱ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ መጠማዘዝ ይጀምራል። ማሽላው በእርከን እርከን ተራራው ላይ ይወጣል፣ ከማሽላው በላይ ጫት፣ ከጫቱ በላይ ደመና። ይህን ዳገት ስወጣ ሁልጊዜ እናቴ ትዝ ትለኛለች።

እናቴ ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር። ኩባ ሳለሁ ደብዳቤ ለመላክ ከቤቷ ተነሥታ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወንበር ዘርግቶ ለሕዝብ ማመልከቻ ከሚጽፈው ሰው ዘንድ በእግሯ ትሄዳለች። ደብዳቤዎቿ ሁሉ በአንድ ዓይነት ይጀምራሉ፤ «ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» የመጨረሻው ደብዳቤዋም እንዲሁ ነበር የሚለው። እሱ በደረሰኝ በሁለተኛው ወር መሞቷን ሰማሁ፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ያኔ በድንገት የሞተች ነበር የመሰለኝ።

ቺሮ ሰባት ሰዓት ላይ ደረስን። የመጨረሻውን ቃል የሞላሁት መናኸሪያው ውስጥ፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ነው።

ማክሰኞ፣ ምርመራ

ለሕክምና ዘመቻው በተዘጋጀችው ክሊኒክ በር ላይ ከንጋት ጀምሮ ከስልሳ በላይ ሰው ተሰልፏል። ከሂርና፣ ከቦኬ፣ ከበዴሳ፣ ከመቻራ የመጡ ናቸው። በሳምንቱ ውስጥ ማከም የሚቻለው ግን አሥራ ስድስት ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ ማክሰኞ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ እብጠቱ የአየር ቧንቧቸውን የተጫነባቸውን መለየት። ለእነሱ አረንጓዴ ካርድ ይሰጣል። ለሌሎቹ ቢጫ፤ ቢጫ ማለት የዛሬ ዓመት ማለት ነው።

ቡድኑን የምትመራው ዶክተር ኢነስ ሽበቷን ያልቀባች፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ስፓኒሼን ስትሰማ «የኩባ አያቶችን ትመስያለሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ከጎኔ የቆመው ነርስ ከድር የዚሁ የቺሮ ልጅ ነው። እሷ በስፓኒሽ ትጠይቃለች፣ እኔ ለከድር በአማርኛ፣ እሱ ለታካሚው በኦሮምኛ። መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። እኔም በልጅነቴ ከሰፈር ልጆች የቀሰምኩት ኦሮምኛ ነበረኝ፤ የቀረኝ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ኦሮምኛ ነው፣ ከኳስና ከምግብ አያልፍም።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሥራው በጣም ቀና። ዝርዝሬም ተባዝቶ በየነርሱ ኪስ ገብቷል። «ኮሞ ኤስታ» የሚሉ የቺሮ ነርሶች ስሰማ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

አምስት ሰዓት ገደማ ሀሊማ የምትባል ሴት ገባች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረጅም፣ አረንጓዴ ሻሽ አንገቷ ላይ የጠመጠመች። ከመቻራ ከጎረቤቶቿ ጋር ነው የመጣችው። ወንበር ስንሰጣት አልተቀመጠችም፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ኮሞ ኤስታ?» አለች ዶክተሯ።

«እንዴት ነሽ በላት» አልኩት ከድርን።

«አካም ጅርታ?» አላት።

«አልሃምዱሊላህ። ነጋ፣ ፈያ፣ ሰላምም ጤናም ነው፣ ረቢ ይመስገን» አለች ሀሊማ በቀስታ፣ በየመሃሉ እያረፈች። «እናንተስ ሰላም ናችሁ? መንገድ እንዴት ነበር? ቤተሰብ…»

ከኋላዋ ያለው ሰልፍ በሩን አልፎ ወጥቷል። ከድር «ደህና ነኝ ትላለች» ብሎ አሳጠረው። እኔም ለዶክተሯ «ቢየን፣ ግራሲያስ» አልኩ።

ዶክተር ኢነስ አልጋው ላይ እንድትተኛ ነገረቻት። ሀሊማ ተኛች፤ ወዲያው ተነሥታ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ተቀመጠች። ግንባሯ ላብ አውጥቷል። በወንድ ነርስ ፊት መተኛት አፍራ ነው ብዬ አሰብኩ። ዶክተሯ «ያስቸግራታል? ትንፋሽ ያጥራታል?» አለች። ጥያቄው እስኪደርሳት ግማሹ ተንጠባጥቦ «ችግር አለብሽ?» ብቻ ሆኖ ደረሳት። ሀሊማ ቀና ብላ አየችንና «ረቢ ይመስገን» አለች።

«የለባትም» አልኩ።

ቢጫ ካርድ ተሰጣት። በሁለት እጇ ይዛው ትንሽ ቆመች፤ አሁን ይጠይቁኝ ይሆናል ብላ የምትጠብቅ ይመስል ነበር። እኔ «ቀጣይ!» አልኩ።

ረቡዕ፣ ‹ደህና ነው አልሽኝ›

ረቡዕ ጠዋት በዶክተር ኢነስ ክፍል ለሁለት ሰዎች ቀዶ ጥገና ተደረገ። ከቀትር በኋላ ዶክተር ኢነስ ወደ ሦስተኛው ልትገባ ስትል ቆም አለችና የመጀመሪያው ሰውዬ እንዴት እንደሆነ እንድጠይቅ ነገረችኝ። ሰውዬው ብርድ ልብስ ተከናንቧል፤ ወንድሙ እግሩ ሥር ተቀምጧል። በከድር በኩል ጠየቅሁት። ወንድሙ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አለ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ «ቢየን!» ብዬ ጮህኩ። ዶክተሯ ገባች።

ከድር ግን የሰውዬው ጣቶች መጥቆራቸውን አየ መሰለኝ፣ ብርድ ልብሱን ገለጠው። በፋሻው ሥር አንገቱ አብጦ ከአገጩ እኩል ሆኗል፤ ሰውዬው አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል። ደም ውስጥ ለውስጥ ፈስሶ ነበር። እንዴት እንደሮጡ፣ እንዴት መልሰው ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል እንዳስገቡት ዛሬም በደንብ አላስታውስም። ሰውዬው ተረፈ። ዶክተር ኢነስ ስትወጣ ጓንቷን አላወለቀችም።

«ደህና ነው አልሽኝ» አለችኝ።

«ያሉኝን ነው የነገርኩሽ።»

«እኔ ዓይን አለኝ፤ ያንቺን ቃል አምኜ ነው ዓይኔን ያላመጣሁት።»

ተቆጣሁ። ወንድሙ ደህና ካለ እኔ ምን ላድርግ ብዬ ለከድር ተነጫነጭኩ። ከድር ፀጉሩን ያክ ጀመር። «አቦ፣ እትዬ አስቴር፣ እኛ እኮ እንደዚህ ነን። ሰው እንዴት ነህ ሲልህ መጀመሪያ ረቢን ታመሰግናለህ። ቤትህ ተቃጥሎም ቢሆን አልሃምዱሊላህ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚነገረው።»

ይህን እኔ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ያደግሁበት ቤት እኮ ነው! እናቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሳትል ከቤት ወጥታ አታውቅም። ወረቀቱን አወጣሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ በእጅ ጽሑፌ «ቢየን፣ ግራሲያስ» ይላል። ማክሰኞ ስንት ጊዜ እንዳልኩት ማስታወስ ጀመርኩ። ያቺ ግድግዳ የተደገፈች ሴት ፊቴ መጣች፤ ተኝታ ወዲያው የተነሣችው፣ ግንባሯ ላብ ያወጣው።

ለዶክተር ኢነስ ሁሉንም ነገርኳት፣ ለራሴ ሳላዳላ። የሀሊማን መዝገብ ፈልጋ አየችው። «ስትተኛ የምትታፈን ከሆነች ዓመት አትጠብቅም» አለች። «አርብ ጠዋት አንድ ቦታ አለኝ። ነገ ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት እዚህ ከደረሰች አዘጋጃታለሁ። ቅዳሜ እንሄዳለን።»

መዝገቡ ላይ የተጻፈው ስልክ የጎረቤት ነበር፤ ዝግ ነው። ከመሸ በኋላ ደግሞ በዚያ መንገድ መኪና አይንቀሳቀስም። ነገ በአንድ ቀን ሄደን መመለስ ነበረብን።

ሐሙስ፣ ወደ መቻራ

ከድርና እኔ በክሊኒኩ የኪራይ ላንድክሩዘር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። ሹፌሩ ጀማል ይባላል፤ ወሬ አይወድም፣ መሪውን እንደ ጠላት ጨብጦ ነው የሚነዳው። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። በዴሳ ስንደርስ ፓስቲ በሻይ በቆምንበት በልተን ቀጠልን፤ ገለምሶ ላይ ኬላ ነበር፣ መታወቂያ ታይቶ አለፍን። ከገለምሶ ወዲያ መንገዱ ተበላሽቶ መኪናው እየዘለለ ነበር የሚሄደው። ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አስቁሜ አየው ነበር። ያን ቀን ግን የማየው ሰዓቴን ብቻ ነው።

ብንዘገይስ? የሚገባትን ቦታ ያሳጣኋት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ቦታ ያገኙት ከእሷ ይልቅ መናገር ስለቻሉ ነው። ከድር ሁለት ጊዜ «አይዞሽ» አለኝ፤ ሁለተኛው ላይ ዝም በል አልኩት።

መቻራ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን አሳየችን፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቡና ውስጥ ነው። ባሏ ኦቦ ሙሜ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ከየት እንደመጣን ሳይጠይቅ ምንጣፍ ዘረጋልን። ሀሊማ ከጓዳ ወጣችና ስታየን ሻሿን አንገቷ ላይ አስተካከለች።

ሰላምታው ተጀመረ። ልጆች? ከብት? ዝናብ? ዶክተሯስ? ሰውየው በሁለት ብርጭቆ ሆጃ አመጣ፤ ሆጃ በወተት የፈላ የቡና ገለባ ነው። በውስጤ ሰዓት እየቆጠርኩ ጠጣሁ። ዳግመኛ ሰላምታ ልቆርጥ አልደፈርኩም።

ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ከድር የመጣንበትን ተናገረ። ኦቦ ሙሜ ግራ ተጋባ።

«ካርዱ ላይ ለዓመት ተብሎ የለ?» አለ። «እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን።»

ሀሊማም አንገቷን ነቀነቀች። «አልሃምዱሊላህ።»

ወረቀቴ በእጄ ነበር። ሁለት መቶ አባባል አለበት፤ አንዱም አልረዳኝም። አጠፍኩትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በዚያው በዘጠኝ ዓመት ኦሮምኛዬ ራሴ ጠየቅኋት፣ «ሃልካን አካሚቲ ራፍታ?» ማታ እንዴት ነው የምትተኚው?

በአነጋገሬ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። በአገጯ ወደ ጥጉ አመለከተችኝ። ጥጉ ላይ የቡና ገለባ የሞላበት ጆንያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጆንያው መሃሉ ላይ በሰው ጀርባ ልክ ጎድጉዷል።

«ከመቼ ጀምሮ?» አላት ከድር።

«ሁለት ክረምት አለፈ» አለች። «ከተኛሁ እታፈናለሁ። ተቀምጬ ነው የማድረው።»

ኦቦ ሙሜ ጆንያውን አየ፣ ሚስቱን አየ። «ሌሊት ስነቃ ተቀምጣ አያታለሁ። እኔ እኮ… ሶላት ላይ ናት ብዬ፣ እንዳልረብሻት ፊቴን አዞር ነበር።»

ልቋቋመው ስላልቻልኩ የማይጠየቅ ነገር ጠየቅሁ። «ማክሰኞ ለምን አልነገርሽንም?»

ከድር ሲተረጉምላት ቀጥ ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

«ልነግራችሁ ነበር» አለች። «እንዴት ነሽ አላችሁኝ፣ ረቢን አመሰገንኩ። ስለ እናንተ ጠየቅሁ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ካርዱን ሰጣችሁኝ፣ ሌላ ሰው ተጠራ። ከዚያ በኋላ በእንግዳ ላይ ልጩህ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከድር ይህን ሲተረጉም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ኦቦ ሙሜ ገና አልጨረሰም። «አንገቷን ከፍታችሁ ብትሞትብኝስ?» አለ። ይህን ልንዋሸው አልቻልንም። ከድር ሊሆን እንደሚችል፣ ካልተሠራችም ትንፋሿ እየጠበበ እንደሚሄድ ነገረው። ሰውየው ራሱን ይዞ ቀረ። የተናገረችው ሀሊማ ናት።

«አንድ ሌሊት ተኝቼ ባድር ይበቃኛል» አለች። ጫማዋን ልታደርግ ተነሣች።

መመለሻ

ከመቻራ የወጣነው ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሀሊማ ከፊት ተቀመጠች፤ እኔ፣ ኦቦ ሙሜና ከድር ከኋላ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ትንፋሿ ከሞተሩ በላይ ይሰማኝ ነበር። ገለምሶን አለፍን። በዴሳ ሊቀረን ጥቂት ሲል ጀማል ፍሬን ያዘ። ማሽላ የጫነ አይሱዙ ጭቃው ላይ ተንሸራትቶ መንገዱን አግድም ዘግቶታል። ወዲያና ወዲህ መኪና ተደርድሯል። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል።

«ይህ ዛሬ አይነሣም» አለ ጀማል። በዚያ ቀን የተናገረው ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር።

የቀረን አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በእግር አልፈን ወዲያ ማዶ ከቆሙት መኪኖች አንዱን መለመን። ቦታው ዳገት ነው። ሀሊማ አሥር እርምጃ ሄዳ ቆመች። እንደገና አሥር። ከአንገቷ የሚወጣው ድምፅ እንደ ፉጨት ነበር፣ ከንፈሯም መልኩን መቀየር ጀመረ። ኦቦ ሙሜ ሊያዝላት ጎንበስ ሲል ከድር ከለከለው፤ ደረቷ ከተጫነ ይብስባታል። ያኔ በእውነት በዚያ መንገድ ላይ ትሞታለች ብዬ ፈራሁ።

ጫት የጫነ ሞተረኛ በአይሱዙውና በገደሉ መሃል ሾልኮ መጣ። ከድር መንገዱ መሃል ገብቶ እጁን ዘረጋ። ሞተረኛው ሊሳደብ አፉን ከፈተ፤ የሀሊማን ትንፋሽ ሲሰማ ግን አፉን ዘጋው፣ ወርዶ የጫት ጆንያውን ፈታና ሣሩ ላይ ጣለው። ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ በእሱና በከድር መሃል አስቀመጧት። ሞተሩ ዞሮ በዚያች ጠባብ ቦታ ሲያልፍ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስንደርስባቸው ከድር ወደ ቺሮ ሊመለስ የዞረ አንድ ሚኒባስ እያስቆመ ነበር። ሞልቷል። ረዳቱ «ቦታ የለም» ሲል አንድ ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ በመስኮቱ ሀሊማን አዩ። ምንም ሳይሉ ወረዱና በሩን ያዙላት። ከኋላም ለእኛ ተጠጋጉልን፤ ሽማግሌው ቁመው ነው ቺሮ የገቡት።

ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ዶክተር ኢነስ ደጅ ቆማ ትጠብቃለች። ሀሊማ ከመኪናው ስትወርድ ትንፋሿን ሰማች፤ እንዴት ነሽ አላለቻትም፣ ክንዷን ብቻ ያዘቻት።

አርብ

ሀሊማን ተቀምጣ ነው ያደነዘዟት። ከዚያ በፊት ዶክተሯ የምታደርገውን ሁሉ አንድ በአንድ እንድነግራት አደረገች፣ እኔም ሳልቸኩል በከድር በኩል ነገርኳት። ቀዶ ጥገናው ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። እኔና ኦቦ ሙሜ ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እሱ መቁጠሪያውን ይቆጥራል፤ እኔ የጥፍሬን ጠርዝ እበላለሁ።

በመሃሉ ወደ እኔ ዞሮ በተሰባበረ አማርኛ «አንቺስ፣ እንዴት ነሽ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ከዚያ ዝም ስል እሱም ዝም ብሎ ጠበቀኝ። «ፈርቻለሁ» አልኩት።

«እኔም» አለ።

ዶክተር ኢነስ ስትወጣ ፊቷ የደከመ ነበር። የአየር ቧንቧው ጠቦ የእስክሪብቶ ቀፎ ያህል ብቻ ቀርቶ እንደነበር ነገረችኝ። ሀሊማ ተርፋለች። ኦቦ ሙሜ እዚያው ወለሉ ላይ ሰገደ።

ቅዳሜ፣ ከቺሮ መውጫ

ልንሰናበታት ስንገባ ሀሊማ ትራስ ላይ ጋደም ብላለች። ባሏ በጣቱ ዝም በሉ እያለ በሩ ላይ ተቀበለን፤ ገና አሁን መንቃቷ ነው አለን። ሌሊቱን ሙሉ ሳትነቃ፣ እያንኮራፋች ነው ያደረችው። ማንኮራፋቷን ሲናገር እንደ ሠርግ ወሬ ነበር የሚያወራው።

«ኮሞ ኤስታ?» አለች ዶክተሯ።

ጥያቄው በእኔና በከድር በኩል ደረሳት። ሀሊማ በሻከረ ድምፅ «አልሃምዱሊላህ» አለች።

ዶክተር ኢነስ ወደ እኔ ዞረች። «ኤስፔሬ» አልኳት፤ ትንሽ ጠብቂ። ሀሊማ የዶክተሯን ጤና ጠየቀች፣ የልጆቿን፣ የአገሯን ዝናብ። ዶክተሯ ለሁሉም መለሰች። ቀጥሎ ጸጥታ ሆነ፣ ማንም አልቸኮለም። ከዚያ ሀሊማ ጉሮሮዋን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ስውጥ ያቃጥለኛል» አለች። «የግራ እጄ ጣቶች ይደነዝዛሉ። ደግሞ ርቦኛል።» ሦስቱንም አንድ በአንድ ተረጎምኩ። ዶክተሯ የጣቶቿን ነገር ስትሰማ ወዲያው የካልሲየም መርፌ አዘዘች፣ ጊዜው ሳያልፍ መናገሯ ጥሩ ነው አለች።

ከመውጣቴ በፊት የነርሶቹን ዝርዝር ሁሉ ሰበሰብኩ። ሁለተኛውን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዝኩና በየወረቀቱ በሁለቱም ቋንቋ «ሰላምታ ነው፤ መልሱ ገና ይመጣል፣ ጠብቁ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ያረምኩት ነገር የለም። ሌላው ልክ ነበር።

አዳማ

አዳማ አሥር ሰዓት ላይ ደረስኩ። ጎረቤቶቼ እንዴት ነበር ሲሉኝ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩና በሩን ዘጋሁ። ሻንጣዬን ሳልፈታ ከቁም ሣጥኑ ሥር የእናቴን ደብዳቤዎች አወጣሁ። ለዓመታት አልነካኋቸውም። የመጨረሻውን መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሰላምታው ገጹን ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ የእኔ ጤና፣ የጓደኞቼ ጤና፣ የጎረቤቱ ሁሉ ስም፣ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጅ ሳለሁ እዚያ ላይ ስደርስ ደስ ብሎኝ የቀረውን በዓይኔ ብቻ አልፈው ነበር።

ከገጹ ግርጌ፣ ከሰላምታው ሁሉ በኋላ፣ አንድ መስመር አለ። «ይህንን ደብዳቤ ጸሐፊው ቤት ድረስ መጥቶ፣ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ነው የጻፈልኝ።»

እናቴ ከአልጋ መነሣት አቅቷት ነበር። ነግራኝ ነበር፤ በተራው፣ ሰላምታዋን ጨርሳ። ያኔ የመለስኩላትን አልረሳሁትም፤ «ደህና መሆንሽን በማወቄ ደስ ብሎኛል» ብዬ ነበር የጻፍኩት።